የወይዘሪት ለምን ታላቅ እህት

አባታቸው የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። በከተማው ውስጥ ጎኑን ያሳረፈ ሁሉ፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ ያሳረፈው እሳቸው ባመረቱት ስፖንጅ ላይ ነው ይባል ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ሁለቱ በመልክ እንጂ በጠባይ አይገናኙም። ታላቂቱ ዝምተኛ ናት፣ የያዘችውን ሳትጨርስ አትቀመጥም። ታናሺቱ ደግሞ አፏን ከፈታች ጀምሮ «ለምን?» ማለት ነው ሥራዋ። ዘበኛው ለምን ውጭ ያድራል? ሠራተኛዋ ለምን ከእኛ ጋር አትበላም? አባትየው እስኪያስላቸው ይስቁና «ወይዘሪት ለምን መጣች!» ይሏታል። ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ታላቂቱን ደግሞ «ግድግዳዬ» ነበር የሚሏት። «እሷን ተደግፌ ነው የቆምኩት» ይላሉ እንግዳ ፊት። ለሙገሳ ነበር። እሷ ግን ገና በልጅነቷ፣ ሰው ግድግዳን ይደገፈዋል እንጂ ዞሮ አያየውም የሚል ሐሳብ ገብቶባት ሳይወጣ ቀረ።

እናታቸው ሲሞቱ ታላቂቱ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ጀምራ ነበር። አባትየው ጠሯትና «ለጊዜው ፋብሪካ ገብተሽ አግዢኝ» አሏት። ለምን አላለችም። የ«ለምን» ባለቤት ሌላ ነበረችና። ያ «ለጊዜው» የተባለው ጊዜ ሳያልቅ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል አደረገ።

ታናሺቱ ትምህርቷን እንደጨረሰች፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣

«አባባ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ጋዜጣ ላይ» አለች።

ታላቂቱ ሹካዋን አስቀመጠች። አሁን ነጎድጓዱ ይመጣል ብላ ጠበቀች። እውነቱን ለመናገር፣ ጓጉታ ነው የጠበቀችው። እሷ ትምህርቷን የተወችው ፋብሪካው ሰው አጣ ተብሎ አይደል? ይቺ ደግሞ ሀብታም ቤት ተወልዳ የሰው በር እያንኳኳች ወሬ ልትለቅም!

አባትየው ሚስታቸው ትቀመጥበት የነበረውን ባዶ ወንበር አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ።

«ወይ ጉድ! እኔን ስትጠይቂ ኖረሽ አሁን አገሩን ልትጠይቂ? ሂጂ እንግዲህ። ግን ስለ ፍራሼ ክፉ እንዳትጽፊ!»

በቃ፣ ይኸው ነው። ታላቂቱ ምሳዋን ጨረሰች። እንዲህ ቀላል ነበር ማለት ነው፤ አፍ ከፍቶ መናገር ብቻ ነበር የቀረባት።

ታናሺቱ በአባቷ መኪና መሄድ ትታ አውቶቡስ ለመደች። ጫማዋ ጭቃ፣ ጣቷ ቀለም፣ ቦርሳዋ ወረቀት ብቻ ሆነ። ታላቂቱ «ድህነት አማራት» እያለች ብታሾፍም፣ ጋዜጣው በሚወጣበት ቀን ግን የቢሮዋን በር ቆልፋ የእህቷን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ታነባለች። የምታነበው እንደ ፈታኝ መምህር ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነበር። ስሕተት ስታገኝ ቀኑ ይበራላታል። አንድ ቀን እንዲያውም ስልክ አነሳችና ዝግጅት ክፍሉ ደወለች።

«አንባቢ ነኝ» አለች ድምፅዋን አጎርንና። «ሐኪም የሚለው ቃል በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። የእናንተዋ ጋዜጠኛ በሃሌታው ነው የጻፈችው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ትቀጥራላችሁ እንዴ?»

«ልክ ነዎት እመቤቴ። ጸሐፊዋን ላገናኝዎት?» አላት አዘጋጁ።

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ልቧ እንደ ሌባ ልብ ይደልቅ ነበር። ግን ጣመኝ አለችና ለመደችው። አንዴ በሰረዝ፣ አንዴ በተሳሳተ የመንገድ ስም፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ «ጽሑፉ ረዘመ» ብላ እየደወለች ኖረች።

ከዕለታት አንድ ቀን ታናሺቱ የሆስፒታሉ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ እንድትዘግብ ተላከች። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እሷ ግን ስትወጣ ዓይኗ ከአጥሩ ሥር ቀረ። ከሩቅ አገር በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች ካርቶን አንጥፈው ተኮልኩለዋል። በሽተኛው ውስጥ አልጋ አለው፤ አስታማሚው ግን ማደሪያ የለውም። አንዷ ልጇን ቀን ቀን እየገባች ታጠባለች፣ ሲመሽ አጥሩን ተደግፋ ትቀመጣለች። አንዱ የሚስቱን ልብስ አጥቦ ሽቦው ላይ አስጥቷል። ጋዜጠኛዋ የምርቃቱን ዜና ትታ ብርድ ልብስ ተሸክማ ተመለሰችና አብራቸው ሰነበተች። ከዚያ ጻፈች።

ታላቂቱ ያንን ጽሑፍ እንደ ልማዷ በሯን ቆልፋ አነበበችው። ቀዩ እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ። አለቀሰች። ከዚያም ማልቀሷ አናደዳት። የገዛ እህቷ፣ አፍንጫዋን ስትጠርግላት ያደገች ልጅ፣ እሷን እንዲህ ማስለቀስ ትችላለች? ይህ ችሎታ ከየት መጣ? ከአንድ ማሕፀን ከሆነ የእሷ ድርሻ የት ገባ? ያን ቀን አልደወለችም።

ከተማው ተንጫጫ። ባለሥልጣን መጣ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ደግሞ ጥበቃዎች መጡና አስታማሚዎቹን አባረሩ። ካርቶኑ ተጠርጎ ተጫነ። የተኙበት መሬት ተቆፈረና አበባ ተተከለበት፤ የከተማው ገጽታ እንዳይበላሽ። ልጇን የምታጠባዋ ሴት እየጠየቀች እየጠየቀች ጋዜጣው በር ድረስ መጥታ፣

«እህቴ፣ ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ባትጽፊልን ይሻለን ነበር» ብላት ሄደች።

ታናሺቱ ያን ምሽት ባል አግብታ ወደወጣችው እህቷ ቤት መጣች። ዝናብ መትቷታል። ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ ታሪኩን ነገረቻት። ታላቂቱ ፎጣ ሰጠቻት፣ ሻይ አቀረበችላት፤ ግን በሆዷ አንድ ጣፋጭ ነገር ሲንፏቀቅ ተሰማት። ደስ አላት። ደስ ማለቷን ስታውቅ ራሷን ጠላች። ደስታው ግን አልሄደም።

«እንግዲህ ብዕርሽ ይኸው ነው» አለቻት። «መጻፍ ሌላ፣ መሥራት ሌላ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታናሺቱ መልስ አይጠፋትም። ያን ቀን ግን ቀና ብላ አየቻትና «ልክ ነሽ» አለች። ጥቂት ቆይታ ሥራዋን ለቀቀች።

አባትየው የታመሙት በዚያው ሰሞን ነው። ታላቂቱ ጠዋት ፋብሪካ፣ ከሰዓት አባቷ አልጋ አጠገብ ሆነች። ሐኪም የምትጠራ እሷ፣ መድኃኒት የምትሰጥ እሷ፣ የምታገላብጥ እሷ። ሲሞቱ ኑዛዜያቸው ተነበበ። ፋብሪካው ለታላቂቱ፣ ትልቁ ቤት ለታናሺቱ።

ፋብሪካው ከቤቱ ይበልጣል፣ ይህንን ማንም ያውቃል። ታላቂቱም ታውቃለች። ግን የተወለደችበት ቤት ነው! እናቷ የሞተችበት፣ አባቷን ያስታመመችበት። ለእሷ ሥራው፣ ለዚያች ትዝታው? ግን ለማን ትናገር? «ፋብሪካ ደርሶኝ ከፋኝ» ቢሉ ማን ይሰማል? ዋጠችው።

ብዙም ሳይቆይ ታናሺቱ በዚያ ቤት አልጋ መደርደር ጀመረች። ሳሎኑ ለወንዶች፣ የላይኛው ፎቅ ለሴቶች። ቤቱ ከሆስፒታሉ የእግር መንገድ ነውና የአስታማሚ ማደሪያ ልታደርገው ነው። ታላቂቱ ስትሰማ እሳት ጎርሳ መጣች።

«የአባታችንን ቤት የመንገደኛ ማረፊያ ልታደርጊው ነው?»

«የመንገደኛ አይደለም እትዬ፣ የአስታማሚ።»

«የእማማንስ ክፍል?»

«እሱ ፀሐይ ይገባዋል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ላላቸው እናቶች ይሁን ብያለሁ። ልጆቹ ማሞቂያ ውስጥ ሲሰነብቱ እነሱ የሚያርፉበት የለም።»

«የማናውቃቸው ሰዎች እማማ አልጋ ላይ?»

«እማማ ብትኖር ማንን ታስተኛ ነበር?»

«እኔን!» አለች ታላቂቱ። «እኔን ነበር የምታስተኛው!»

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ልትመልሰው አልቻለችም። ያችን የምታህል ሥራ አስኪያጅ፣ ፋብሪካ ሙሉ ሠራተኛ የምታንቀጠቅጥ ሴት፣ እንደ ሕፃን ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ታናሺቱ ልታቅፋት ስትጠጋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ የመጣው የዝና ዘመን ነው። የጋዜጣ ጓደኞቿ ስለ ታናሺቱ ጻፉ፣ ሬዲዮው ጋበዛት። «ሀብቷን ትታ» ይላል አንዱ፣ «የድሆች እናት» ይላል ሌላው። ታላቂቱ ፀጉር ልትሠራ ስትቀመጥ ባለሙያዋ በመስታወቱ ውስጥ ታያትና «የሷ እህት ነሽ አሉ! ታድለሽ!» ትላታለች። ባንክ ስትሄድ «ታድለሽ!» ልቅሶ ቤት ሳይቀር «ታድለሽ!» ይህቺ ቃል እንደ ሚጥሚጣ ዓይኗ ውስጥ ትገባባታለች።

«አንቺ ሴት፣ ቅናት በሽታ ነው» አላት ባሏ። የፋብሪካው መካኒክ ነው፣ ነገር ማለሳለስ አይችልም።

«እኔ ምን ያስቀናኛል? የሰው ጉንፋን ነው ወይስ የሰው ካልሲ?»

«ታዲያ ሬዲዮውን ለምን ዘጋሽው?»

«ይንጫጫል!»

ግን ማንም ጎበዝ ነጋዴ እንደሚያደርገው አሰበችና አንድ ዘዴ መጣላት። ለማደሪያው አዳዲስ ፍራሾች ልትለግስ። በየፍራሹ ላይ የፋብሪካው ስም በትልልቅ ቀይ ፊደላት ይጠለፋል፤ ከበር የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የጥልፍ ክፍሉን ራሷ ቆማ አሠራች። «ቀዩ ይድመቅ» አለች። «አሁንም ይድመቅ።» ፍራሾቹ በመኪና ተጭነው ሄዱ። ሳምንት ሳትቆይ፣ እንዴት እንደሚያምሩ ለማየት ሄደች።

ሁሉም ፍራሽ ላይ አንሶላ ተነጥፏል።

ምን ጠብቃ ነበር? ፍራሽ አንሶላ እንደሚለብስ ከእሷ የተሻለ ማን ያውቃል! በሩ ላይ ቆማ በራሷ ልትስቅ ስትል ግን የቤቱ ጩኸት ጆሮዋ ገባ። ሁለት ሰዎች ለአንድ አልጋ ይጣላሉ፤ ሁለቱም «ለእኔ ነው የተሰጠኝ» ይላሉ። የጣራው ታንከር ደርቋል፣ መጸዳጃው አይገባም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ድስቱ አርሮ ጢሱ ደረጃውን ሞልቶታል። ታናሺቱ ከዚህ ሁሉ መሀል ቆማ፣ በአንድ ጆሮዋ ስልክ ይዛ ለሬዲዮ ስለ ርኅራኄ ቃለ ምልልስ ትሰጣለች።

ታላቂቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። «የድሆች እናት ውሃ የላትም!» አለች በሆዷ። እጅጌዋን ሰበሰበች። ፋብሪካ ደውላ የውሃ ቦቴ አስመጣች፣ ባሏን ፓምፑን እንዲያይ ጠራችው። የልጅነታቸውን ጥቁር ሰሌዳ ከዕቃ ቤት አውጥታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አሰቀለችና በየአልጋው አንጻር የሰው ስም ጻፈችበት። ሁለቱን ተጣዪዎች «አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ፤ የሚጮህ ግቢው ውስጥ ያድራል» ስትላቸው ጸጥ አሉ። ታናሺቱ ስልኩን ስትዘጋ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል።

«እትዬ፣ እንዴት አድርገሽ ነው?»

«አንቺ ንግግርሽን ቀጥዪ» አለቻት ታላቂቱ።

በማግስቱ «ፓምፑን ልየው» ብላ መጣች። ከዚያ «ሰሌዳውን ልየው።» ከዚያ ምክንያት ማቅረቡን ተወችው። ከእናቷ ክፍል ግን አትገባም ነበር፤ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ፣ አንዲት ልጅ እግር እናት ልጇ ዛሬ ክብደት መጨመሩን እየነገረች ስታለቅስ እስክታይ ድረስ። ገባችና መጋረጃውን ከፈተችላት። «ፀሐይ ይግባልሽ» አለቻት።

እንዲህ እያሉ ሳለ ታናሺቱ ተሸለመች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ታላቂቱ ፊት ረድፍ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ታናሺቱ ሽልማቱን ይዛ ስታበቃ ብዙ ሰው አመሰገነች፤ ሐኪሞቹን፣ የጋዜጣ ጓደኞቿን፣ አስታማሚዎቹን። በመጨረሻም «ቤተሰቤንም አመሰግናለሁ» ብላ ወረደች።

«ቤተሰቤን!» አለች ታላቂቱ መኪና ውስጥ። «አጎትም ቤተሰብ ነው! ድመትም ቤተሰብ ነው!» ባሏ መኪናውን አስነሳ። በነጋታው ማደሪያው አልሄደችም። በሦስተኛውም ቀን አልሄደች። ታንከሩ እንደገና ደረቀ ሲሏት ሳቅ ሳቅ አላት።

ታናሺቱ ስንት ዘመን ያልረገጠችው ፋብሪካ መጣች። ከስፖንጅ መቁረጫው ማሽን አጠገብ እህቷን አገኘቻት።

«ለምን ቀረሽ?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው» አለች ታላቂቱ፣ ቃሏን እያኘከች።

ታናሺቱ ገባት። «ስምሽን ልጠራ ነበር እኮ። ፈራሁሽ። ስሜን በትክክል አልጠራችውም ብለሽ እንዳትደውዪ።»

«የት?»

«ጋዜጣው ጋ ነዋ። ሐኪም በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው ብለሽ።»

የታላቂቱ ፊት እንደ ኖራ ነጣ። ደግነቱ ማሽኑ ይጮኻል፤ ሠራተኞቹ አልሰሙም።

«ድምፅሽን የማላውቅ መሰለሽ?» አለች ታናሺቱ ተጠግታ። «አዘጋጁ እንደዚያ እያጎረነነ ሲያስመስልሽ ይስቃል፣ እኔን ግን አንጀቴን ይበላኛል። ሌላው ሰው ያሞግሰኛል እንጂ አያነበኝም። ቃል በቃል የምታነብ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ስለ አጥሩ የጻፍኩ ጊዜ ስልክሽን ስጠብቅ ዋልኩ። ሳትደውዪ ስትቀሪ ነው ጥሩ እንደጻፍኩ ያወቅሁት።»

ታላቂቱ ማሽኑን አጠፋችው።

«እኔስ የማልቀናብሽ ይመስልሻል?» ቀጠለች ታናሺቱ። «አባባ ሲደክም አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ይዤ፣ ዓይኑን ገልጦ አየኝና ምን አለኝ መሰለሽ? ግድግዳዬ የት ሄደች? አለኝ።»

«እንዲህ አለ?»

«አለ።»

«እጁን አንቺ ይዘሽ?»

«እኔ ይዤ።»

«ስንት ጊዜ አለ?»

ታናሺቱ እያለቀሰች ሳቀች። «ሁለቴ ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምንድነው? ጋዜጠኛ አይደለሽ እንዴ፣ አጣርተሽ ተናገሪ!»

«ሁለቴ። እንዲያውም ሦስት። ውሃ ስሰጠው አንቺ ያመጣሽው ነው ወይ አለኝ።»

ታላቂቱ ፊቷን ዞር አድርጋ የስፖንጅ ብናኝ ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። ብናኝ አልነበረም። በሕይወቷ የሰማችው ጣፋጭ ወሬ ይህ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ተጠርታ፣ ያውም በሌላይቱ ፊት።

ታናሺቱ ያመጣት ግን ሌላ ነገር ነበር። ቤት ማስተዳደር አልሆነላትም። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ አጥር አለ። እዚያ ሄዳ ልታይ፣ መጀመሪያ ቤት ፈልጋ ከዚያ ልትጽፍ ፈልጋለች፤ ቅደም ተከተሉን አሁን ተምራለች። ይህንን ቤት ታላቂቱ ትያዘው።

«ስሙ ያንቺ፣ ሥራው የኔ?» አለች ታላቂቱ።

«አዎ» አለች ታናሺቱ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሌላ መልስ ብትሰጣት ታላቂቱ እምቢ ትል ነበር። ይቺ ግልጽነት ግን ትጥቋን አስፈታቻት። «ታንከሩን ዛሬ አስሞላለሁ» አለች። እሺ ያለችው በዚህ ነው።

ታናሺቱ ሄደች። ጋዜጦቹ መሄዷንም አወደሱት፤ ታላቂቱም እያነበበች «አይ!» ትላለች። ቤቱ ግን እንደ ሰዓት ይሠራል። ፓምፑ አይቆምም፣ አንሶላው በየቀኑ ይቀየራል፣ ከእናቷ ክፍል ውስጥ የሕፃናት ክብደት ወሬ አይጠፋም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ጥቅልላቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ገቡ። ሚስታቸውን ሆስፒታል አስተኝተው ነው የመጡት። አልጋቸውን አሳየቻቸው፣ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ጻፈች። ሽማግሌው ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ተመለከቱና ወደ እሷ ዞሩ።

«በሬዲዮ የሚያወሩልሽ ሴትዮ አንቺ ነሽ አይደል?»

ታላቂቱ «እህቴ ናት» ልትል አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ግን አልጠበቋትም። ጎንበስ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጀመሩ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ፣ ደጅሽ አይዘጋ፣ የወለድሽው ይጡርሽ፣ ያልወለድሽውም ይጡርሽ። ረጅም ምርቃት ነበር። መሀል ላይ ማቋረጥ ነውር ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ሲጨርሱ «አሜን» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ማታ ስልክ አነሳችና እህቷን አገኘቻት።

«ዛሬ አንድ ምርቃትሽን በልቼብሻለሁ» አለቻት።

ከወዲያ በኩል የሳቅ ድምፅ መጣ። «ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ፍርፋሪም አላስቀረሁልሽ።»

«ጣፈጠሽ?»

ታላቂቱ ጥቂት አሰበች። «ጥሩ ነው» አለች። «ነገም ሌላ ሰው ቢሳሳት አላርመውም፣ ከአሁኑ እንድታውቂው።»